አቡል-ቃሲም አል-ዘህራዊ፦ የቀዶ ሕክምናው ሊቅና የከንፈር ቅባቱ ነገር



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ታላቅ ሰው ስማቸው በስልኮቻችን ላይ በየጊዜው ሲዞር እናያለን። አንዳንዴ የቀዶ ሕክምና አባት ተብለው፣ አንዳንዴ ደግሞ ሊፒስቲክን የፈለሰፉ ሙስሊም ሳይንቲስት ተብለው። ሁለተኛው ወሬ በተለይ እህቶቻችንን ሲያነጋግር ከርሟል። እኛም ሰውየው ማን ነበሩ፣ ስለ ውበት ቅባት የጻፉት ምን ዓይነት ነው፣ እዚህ ባሮ ወንዝ ዳር ለምንማር ወጣቶችስ ከሕይወታቸው ምን ይተርፈናል የሚለውን በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ከከተማቸው ጋር የተወለዱ ልጅ

ሙሉ ስማቸው አቡል-ቃሲም ኸለፍ ኢብኑ ዐባስ አል-ዘህራዊ ነው። በአንደሉስ፣ በዛሬዋ ስፔን፣ ከቁርጡባ (ኮርዶባ) አጠገብ በነበረችው መዲነቱ-ዘህራእ እ.ኤ.አ. በ936 ገደማ ተወለዱ። አል-ዘህራዊ የተባሉት በዚህችው ከተማ ስም ነው። አል-አንሷሪ የሚለው ሌላው መጠሪያቸው ደግሞ የዘር ሐረጋቸው ነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ተቀብለው ካስተናገዱት የመዲና ሰዎች እንደሚመዘዝ ያመለክታል። አውሮፓውያን አቡል-ቃሲም የሚለው አልያዝላቸው ብሎ አልቡካሲስ አሏቸው።

መዲነቱ-ዘህራእ በኸሊፋ ዐብዱረሕማን ሦስተኛው ትእዛዝ በ325 ዓመተ ሂጅራ መግቢያ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 936 መገንባት የጀመረች የቤተ መንግሥት ከተማ ናት። ከቁርጡባ በስተምዕራብ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በተራራ ግርጌ፣ በሦስት እርከን ተሠራች። ስለዚህ ከተማዋና ልጁ እኩያሞች ነበሩ ማለት ይቻላል። ግንቧ ሲነሳ አብረው አደጉ፤ ሲፈርስም እርሳቸው በሕይወት ነበሩ።

ያን ጊዜ ቁርጡባ የዕውቀት ገበያ ነበረች። ከእ.ኤ.አ. 961 እስከ 976 የነገሡት ኸሊፋ አል-ሐከም ሁለተኛው መጽሐፍ ወዳጅ ስለነበሩ ቤተ መጻሕፍታቸው በ100 ሺዎች የሚቆጠሩ ቅጂዎች እንደነበሩት የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ከሁሉ በላይ ግን ለአል-ዘህራዊ ሙያ ጠቃሚ የሆነው ክስተት የደረሰው ገና ልጅ ሳሉ ነው። የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ለኸሊፋው በላኩት ስጦታ ውስጥ የግሪካዊው ሐኪም የዲዮስቆሪደስ የመድኃኒት መጽሐፍ ነበረበት። መጽሐፉ በሥዕል ያጌጠ ቢሆንም በግሪክኛ በመጻፉ በቁርጡባ የሚያነበው ሰው ጠፋ። በኸሊፋው ጥያቄ ኒቆላዎስ የሚባል መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ951 መጣ። ከዚያም ሙስሊም ሐኪሞች፣ መነኩሴውና አይሁዳዊው ሐኪም ሐስዳይ ኢብን ሸፕሩጥ አንድ ላይ ተቀምጠው የእያንዳንዱን ዕፅ ስም ከአንደሉስ ተክሎች ጋር አመሳከሩ። አል-ዘህራዊ ያኔ 15 ዓመት ገደማ ነበሩ። ያደጉት ቅጠሉን አይቶ፣ ሥሩን ቆፍሮ፣ ስሙን አጣርቶ መጻፍ ወግ በሆነበት ከተማ ነው።

የሃምሳ ዓመት ልምድ በአንድ ኪታብ

አል-ዘህራዊ ዕድሜያቸውን በሙሉ ያሳለፉት በማከም፣ በማስተማርና በመጻፍ ነው። ወደ 50 ዓመት የሚጠጋ ልምዳቸውን ያከማቹበት ኪታቡ-ት-ተስሪፍ እ.ኤ.አ. በ1000 አካባቢ ተጠናቀቀ። የርዕሱ ሙሉ ትርጉም በራሱ መጽሐፍ ማሰናዳት ላልቻለ ሰው የተዘጋጀ እንደማለት ነው። ብዙ ኪታብ የመግዛት አቅም የሌለው ተማሪ በአንዱ እንዲብቃቃ የታሰበ ነበር። በጽሑፋቸው ተማሪዎቻቸውን እንደ ልጆቻቸው ይጠሯቸዋል።

ኪታቡ 30 መቃላዎች፣ ማለትም ክፍሎች አሉት። በሁለተኛው ክፍል፣ በአንድ መንደር ወንዶች በትንሽ ቁስል ደማቸው አልቆም ብሎ ሲሞቱ መታየታቸውን መዝግበዋል። ዛሬ ሄሞፊሊያ ስለምንለው በዘር የሚተላለፍ የደም አለመርጋት ችግር ከተጻፉት ቀደምት መግለጫዎች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። ቀጥለው የሚመጡት አብዛኞቹ ክፍሎች ስለ ልዩ ልዩ መድኃኒቶች አቀማመም ናቸው። የመጨረሻውና ዝነኛው 30ኛው መቃላ ስለ ቀዶ ሕክምና ሲሆን 200 የሚያህሉ የመሣሪያ ሥዕሎች ይዟል። ቢላዎች፣ መቆንጠጫዎች፣ ጥርስ መንቀያዎች፣ የመተኮሻ ብረቶች እያንዳንዳቸው ተስለው ከነአሠራራቸው ተብራርተዋል። ከእንስሳ አንጀት በተሠራ ክር የውስጥ አካልን መስፋትንም ጽፈዋል።

በዚሁ መቃላ መግቢያ ላይ የሚተርኩት ታሪክ የሰውየውን ጠባይ ያሳየናል። አንድ ያልተማረ ሐኪም የአንዲትን ሴት የአንገት እብጠት ሲቀድ የደም ሥሮቿን ቆርጦ ሴቲቱ እፊቱ ደሟ ፈስሶ ሞተች። አል-ዘህራዊ ይህን ያነሱት ተማሪዎቻቸው የሰውነትን አሠራር ሳያጠኑ በድፍረት እጃቸውን እንዳያነሱ ለማስጠንቀቅ ነው። የሙያቸው መሠረት ይህ ነበር፦ ሳታውቅ አትንካ፤ አላህ ያያልና ተጠንቀቅ። ይህን ጥንቃቄ ለቢላዋ ብቻ አላስቀሩትም። ቆዳ ላይ ለሚቀባ ቅባትም ሠርተውበታል።

አሥራ ዘጠነኛው መቃላ

የተስሪፍ 19ኛው መቃላ ስለ ሽቶና ስለ ውበት መጠበቂያ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመድኃኒት ታሪክ ተመራማሪው ሳሚ ሐማርናህ ይህን ክፍል ለብቻው አጥንተው በአንደሉስ ከተጻፉት ለውበት ሙያ የተለዩ ሥራዎች የመጀመሪያው የሚታወቅ መሆኑን አሳይተዋል። አል-ዘህራዊ የውበት መጠበቂያን ከሕክምና ቅርንጫፎች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። ስለ ፀጉር ማቅለሚያና ማለስለሻ፣ ስለ እጅ ቅባት፣ ጥርስን ስለማንጣትና ድድን ስለማጠንከር፣ የአፍንና የብብትን ሽታ ስለማስወገድ በዝርዝር ጽፈዋል።

እዚህ ጋ ነው የሊፒስቲኩ ወሬ የሚመጣው። በመቃላው ውስጥ ሽቶ ያላቸው ነገሮች ተለውሰው፣ ተድበልብለው፣ በልዩ ቅርጽ ማውጫ ተጭነው ጠጣር ዘንግ ሆነው እንደሚሠሩ ተገልጿል። የዘመናችን ጸሐፊዎች ይህን ከሊፒስቲክና ከጠጣር ዲኦዶራንት ጋር ያመሳስሉታል። ከንፈር ማቅላት ራሱ ግን በጣም የቆየ ነገር ነው፤ የሱመርና የግብፅ ሰዎች ከእርሳቸው ከ2000 ዓመት በላይ ቀድመው ይቀቡ ነበር። ስለዚህ ከንፈር መቀባትን ፈለሰፉ ማለት ማጋነን ነው። ለአንድ ሊቅ ክብር ብለን ያላደረገውን መጨመር አያስፈልገንም፤ ያደረጉት ይበቃቸዋል። ያደረጉት ምንድን ነው ቢባል፣ የውበት ዕቃን ከገበያ አጭበርባሪ እጅ አውጥተው በሚዛን፣ በመጠንና በንጽሕና የሚሠራ የሐኪም ሥራ ማድረጋቸው ነው።

28ኛው መቃላ ይህን የበለጠ ያጎላል። ስለ መድኃኒት ማጠብ፣ ማጥራት፣ መፍጨትና ማስቀመጥ የሚያስተምር ሲሆን፣ ክኒን በእንጨት ወይም በዝሆን ጥርስ ሰሌዳ ላይ በተቀረጸ ቅርጽ ተጭኖ የመድኃኒቱ ስም እንዲታተምበት ይመክራል። የያዘው ነገር በላዩ ላይ ይጻፍ ማለት ነው። ዛሬ በገበያ የምናየው ስንቱ የከንፈር ቀለምና የፊት ክሬም ነው ምን እንደያዘ ሳይጻፍበት የሚሸጠው?

የሱፍ ሰምና የዕፅዋት ቀለም

ከላይ ያነሳነው የዲዮስቆሪደስ መጽሐፍ ከያዛቸው ነገሮች አንዱ የበግ ሱፍ ቅባት ነው። ዓረብኛ ተናጋሪ ሐኪሞች ዙፋ ረጥብ አሉት። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ያልታጠበ ሱፍ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል፣ ውሃው ከፍ ተደርጎ እየተንቆረቆረ አረፋ እንዲያወጣ ይደረጋል፣ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ቅባት ይሰበሰባል፣ እስኪነጣ ድረስ ደግሞ ደጋግሞ ይታጠባል። ለደረቀና ለተሰነጣጠቀ ቆዳ ይጠቀሙበት ነበር። በ1882 በጀርመን አገር ሊብራይኽና ብራውን የተባሉ ሰዎች የማጥራቱን ዘዴ አሻሽለው ላኖሊን በሚል ስም አወጡት። እስከ ዛሬ በፋርማሲ የምናገኘው ይኸው ነው።

ላኖሊን በኬሚስትሪ አነጋገር ከስብ ይልቅ ለሰም ይቀርባል። የራሱን ክብደት የሚያህል፣ ከዚያም የሚበልጥ ውሃ መያዝ ይችላል። ለዚህ ነው ከንፈር ላይ ሲቀባ እርጥበት የሚያቆየው። ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። የንብ ሰም ግን የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ነው። ይህ ልዩነት በጋምቤላ ትልቅ ትርጉም አለው። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት ከተማ፣ ለደጋ አገር የተቀመመ የከንፈር ቅባት ቦርሳ ውስጥ ዘይት ሆኖ ይገኛል። እዚህ የሚሠራ ሰው የንብ ሰሙን ማብዛት አለበት።

ደግነቱ አላህ ይህን ክልል ባዶውን አልተወውም። ከመዠንግር ደን የሚመጣው ማር ሰሙን ይሰጣል። በክልሉ ቆላማ ስፍራ የሚበቅለው የሺያ ዛፍ ከፍሬው የሚወጣው ቅቤ ለምግብም ለገላም ይውላል። የእኛ አካባቢ የሺያ ዝርያ ቅቤ ከምዕራብ አፍሪካው የለሰለሰ ስለሆነ ለከንፈር ይስማማል። የቆላው በግ ፀጉሩ አጭር በመሆኑ ሱፍ የሚገኘው ከደጋው፣ ባናና ዝተት ከሚሠራበት ከመንዝ ዓይነቱ አገር ነው። ያም ሆኖ ላኖሊኑን ከጥሬ ሱፍ ራሳችሁ እንድታወጡ አንመክርም። ያልጠራ የሱፍ ቅባት እድፍና ለበግ የተረጨ የፀረ ተባይ ቅሪት ሊኖረው ይችላል። ለሰው ቆዳ የተዘጋጀውን የተጣራ ላኖሊን ከፋርማሲ መግዛት ይሻላል።

መሞከር ለሚፈልጉ እህቶች መነሻ የሚሆን መጠን እነሆ፦ 12 ግራም የንብ ሰም፣ 6 ግራም ላኖሊን፣ 6 ግራም የሺያ ቅቤ፣ 12 ግራም የጉሎ ዘይት። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አታቅልጡት፤ ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ ሌላ ንጹሕ ዕቃ አስቀምጣችሁ በእንፋሎቱ ይቅለጥ። ሰሙ ሲቀልጥ ሌላውን ጨምራችሁ እያማሰላችሁ ቀለሙን አግቡ፤ ከዚያ በተቀቀለና በደረቀ ትንሽ ዕቃ ውስጥ አፍሱት። ከፈሰሰ ሰም ጨምሩ፣ ከጠነከረ ዘይት ጨምሩ። ውሃ አንዲት ጠብታ እንዳትገባበት፤ ውሃ ከገባ ይሻግታል።

ብዙዎችን የሚያሰናክለው ቀለሙ ነው። የከርከዴና የቀይ ሥር ቀለም በውሃ እንጂ በቅባት አይሟሟም፤ ጭማቂው ሰም ውስጥ ሲገባ ጠብ ጠብ ብሎ ይለያል። በዘይት የሚሟሟ ቀለም ያስፈልጋል። ዓረቦች ሺንጃር የሚሉት ተክል ሥር ለዚህ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል፤ ሥሩ በሞቀ ዘይት ውስጥ ሲቆይ ዘይቱን ያቀላዋል። ከአገራችን ተክሎች ውስጥ ደግሞ ሱፍ አለ። ቋንቋችን የበጉንም ፀጉር ተክሉንም ሱፍ ብሎ መጥራቱ ደስ ይላል፤ ከአንዱ ሱፍ ቅባቱ፣ ከሌላው ሱፍ ቀለሙ ይወጣል። ዘሩን ለፍትፍትና ለጾም መጠጥ የምናውቀው የአበሻ ሱፍ አበባው ውስጥ ቢጫና ቀይ ቀለም አለው። ቢጫው በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ይወጣል። ቀዩ የሚለቀቀው በአመድ ውሃ ሲሆን፣ የሎሚ ጭማቂ ሲጨመርበት ተመልሶ ይዘቅጣል። ጃፓናውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የከንፈር ቀለማቸውን የሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ዝቃጩ በደንብ ደርቆና ደቅቆ ነው ከቅባቱ ጋር የሚለወሰው።

እናቶቻችን እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት እንሶስላና ሂና የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው። ቆዳው ውስጥ ዘልቀው ያቀሉታል እንጂ ሽፋን አይሆኑም። ይህ ልዩነት ወደ ቀጣዩ ነጥብ ይወስደናል።

ሐላሉና ውዱኡ

አንደኛ፣ ላኖሊን ከታረደ እንስሳ ስብ አይወጣም። በሕይወት ካለ በግ ከተሸለተ ሱፍ የሚገኝ ነው፤ በሕይወት ካለ ሐላል እንስሳ የተሸለተ ሱፍም ንጹሕ ነው። አላህም በሱረቱ አን-ነሕል የሱፍን ጥቅም ከጸጋዎቹ ቆጥሮ ጠቅሶታል። በፋብሪካ ሊፒስቲክ ውስጥ የሚገባው ካርሚን የተባለው ቀይ ቀለም ግን ከነፍሳት የሚሠራ በመሆኑ ዑለማዎች ተነጋግረውበታል። የዕፅዋት ቀለም ከዚህ ክርክር ያወጣል።

ሁለተኛ፣ ከንፈር በውዱእ ከሚታጠበው ፊት ይቆጠራል። ሰም ያለበት ቅባት ውሃ እንዳይደርስ የሚከለክል ሽፋን ሲሆን ከውዱእ በፊት መጠረግ አለበት። በጥጥና በትንሽ ዘይት በቀላሉ ይለቃል። ሂናና እንሶስላ ሽፋን ስለሌላቸው ይህ አይመለከታቸውም።

ሦስተኛ፣ በረመዷን ለደረቀ ከንፈር ቅባት የሚቀባ ሰው ወደ ሆዱ እንዳይገባ ይጠንቀቅ። ከባዕድ ወንድ ፊት ስለ መዋብ ያለው ድንበርም እንደተጠበቀ ነው። ዝርዝሩን ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ።

የጤናውም ነገር ከዲኑ የሚለይ አይደለም። ከንፈር ላይ የተቀባ ነገር ቀስ በቀስ ይዋጣል። በጥንት ዘመን ቀይ ቀለም ከሜርኩሪና ከእርሳስ ማዕድን ይሠራ ስለነበር ብዙ ሰው ተመርዟል። ዛሬም የዓለም ጤና ድርጅት በቆዳ ማቅያ ክሬሞች ውስጥ ስለሚገኝ ሜርኩሪ ያስጠነቅቃል፤ ኩላሊትን ይጎዳል። ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉም ለሁሉም አይስማማም፤ ላኖሊን የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ። መጀመሪያ በክንድ ውስጠኛ ክፍል ቀብቶ ለ24 ሰዓት መጠበቅ የአል-ዘህራዊ ዓይነት ጥንቃቄ ነው።

የከተማዋ ውድቀት፣ የመጽሐፉ ጉዞ

እ.ኤ.አ. በ1009 አንደሉስ በእርስ በርስ ፊትና ተናወጠች። በ1010 መዲነቱ-ዘህራእ ተዘረፈች። በ1013 ቁርጡባም ተወርራ ብዙ ሰው አለቀ። አል-ዘህራዊ የሞቱት በዚያው ዓመት ገደማ፣ በ404 ዓመተ ሂጅራ ነው። የተወለዱባት ከተማ 80 ዓመት እንኳ ሳትሞላ ፍርስራሽ ሆነች፤ ድንጋዮቿም ለሌላ ግንባታ ተወሰዱ። ቁፋሮ የተጀመረው በ1911 ሲሆን፣ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባት በ2018 ነው።

መጽሐፋቸው ግን ተረፈ። በወጣትነቱ ያያቸው ታላቁ ዓሊም ኢብኑ ሐዝም ተስሪፍን በሕክምና ከተጻፉት መልካም ሥራዎች መካከል አስቀመጠው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጄራርድ ዘክሬሞና የቀዶ ሕክምናውን ክፍል በጦሌዶ ወደ ላቲን መለሰው። 28ኛው መቃላ በ1471 በቬኒስ ታተመ። በ1363 የፈረንሳዩ ቀዶ ሐኪም ጊ ደ ሾልያክ በመጽሐፉ ከ200 ጊዜ በላይ ስማቸውን ጠራ። በ1465 ደግሞ የአማስያው ሐኪም ሸረፈዲን ሰቡንጁኦግሉ ሥራቸውን መሠረት አድርጎ በቱርክኛ ጻፈ። ከተማው በእሳትና በዝርፊያ ሲጠፋ፣ ለተማሪ ተብሎ የተጻፈው ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ 1000 ዓመት ተሻገረ።

ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ የምናውቀውን እንጻፍ። ከአያቶቻችን ስለ ሺያ ቅቤ፣ ስለ እንሶስላ፣ ስለ ጉሎ የምንሰማው ካልተጻፈ ከእነርሱ ጋር ይቀበራል። የኬሚስትሪ፣ የፋርማሲና የግብርና ተማሪዎች ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ።

ሁለተኛ፣ ትንሽ የሚመስል ሥራ አንናቅ። የራስ ቅል ሕክምናን የጻፈው እጅ ስለ እጅ ቅባትም ጽፏል። ሁለቱንም እኩል በጥንቃቄ።

ሦስተኛ፣ አማና። ከመካከላችን ቅባት እየሠሩ ለጓደኞቻቸው ለመሸጥ የሚያስቡ አሉ፤ መልካም ነው፣ ሐላል እንጀራ ነው። ግን የያዘውን በላዩ ጻፉ፣ የተሠራበትን ቀን ጻፉ፣ ሚዛን አታጉድሉ። በአንደሉስ ሙሕተሲብ የሽቶና የመድኃኒት ሻጮችን እየዞረ ይመረምር ነበር። በእኛ ዶርም ሙሕተሲብ አይዞርም፤ አላህ ግን ያያል።

አላህ ለአል-ዘህራዊ ይዘንላቸው። እኛንም ከሚጠቅም ዕውቀት ባለቤቶች ያድርገን። አሚን።